ዕቃው ታስሮ ልጁ ለምን ሳይታሰር ይሄዳል?

በሞያሌ መስመር ዕቃ የጫነ መኪና ሳይታሰር አይነሳም። ሸራው ይለብሳል፣ ገመዱ ይወጠራል፣ ረዳቱ ጭነቱ ላይ ወጥቶ ቋጠሮውን አንድ በአንድ ይፈትሻል። የቡና ጆንያም ይሁን የኢስሊ ጨርቅ ልማዱ አንድ ነው። ባለንብረቱ "በደንብ ታስሯል?" ብሎ ሳይጠይቅ ሒሳብ አይከፍልም። በዚያው መስመር፣ ጋቢና ውስጥ፣ እናት የሁለት ዓመት ልጇን ጭኗ ላይ ይዛ፣ ቀበቶው ከወንበሩ ሽፋን ስር ተቀብሮ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይኬዳል። ከሞያሌ እስከ ናይሮቢም ከዚያ ያላነሰ መንገድ ይቀራል። "ልጁስ ታስሯል?" ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

በዚህ መንገድ እየተመላለስን የምንኖር ነጋዴዎች አቋማችን ግልጽ ነው። ቀበቶ የትራፊክ ፖሊስ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የቤታችን ጉዳይ ነው። ልጅ ጋቢና አይቀመጥ። የሕፃናት የመኪና ወንበርም የሀብታም ዕቃ ተደርጎ መታየቱ ይብቃና ዕድራችን ገዝቶ የሚያውሰን የጋራ ዕቃ ይሁን።

መንገዱ ተለውጧል፤ ልማዱ ግን ባለበት ነው። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ከመሆኑ በፊት በጭነት መኪና ቀናት የሚፈጅ አቧራና ድንጋይ ነበር። መኪናው ያንገላታል እንጂ አይበርም። ዛሬ ያው መንገድ በአንድ ቀን ያልቃል። ከያቤሎ ወዲያም ሆነ ከማርሳቢት ወዲህ ቀጥ ያለ አስፋልት ሲገኝ 100 እና ከዚያ በላይ የሚነዳ ሾፌር ሞልቷል። ግመሉና አህያው ደግሞ እንደ ድሮው መንገዱን ያቋርጣል፤ ሌሊትም ጭምር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉ ልጆችና ወጣቶች ቀዳሚው የሞት ምክንያትም ይኸው ነው።

"እናቱ እቅፍ ውስጥ ነው፣ ምን ይሆናል?" ለሚለው ሒሳቡን በነጋዴ ቋንቋ እንሥራው። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና ከማይንቀሳቀስ ነገር ጋር ቢጋጭ፣ ቀበቶ ላላሰረ ሰው ከ10 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ፣ እንደ መውደቅ ነው። በ80 ከሆነ ከ25 ሜትር፣ ከስምንተኛ ፎቅ ይሆናል። በዚያች ቅጽበት 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ከእናቱ እጅ የሚነጠቀው በሁለት ኩንታል ክብደት ኃይል ወይም ከዚያ በላይ ነው። አንድ ኩንታል ተሸክሞ የሚሄድ ወዛደር ጎበዝ ይባላል፤ ሁለት ኩንታል ድንገት ሲወረወር በክንዷ የምታስቀር እናት ግን አልተፈጠረችም። ፍቅር አንሷት አይደለም፤ የክብደት ጉዳይ ነው። እሷ ራሷ ካልታሰረች ደግሞ የራሷ ክብደት ልጁን ክሩስኮቱ ላይ ይጨፈልቀዋል። አንድ ቀበቶ ለሁለት መታጠቅም ያው ነው፤ ቀበቶው ልጁ ሆድ ላይ ያርፍና የእናትየው ክብደት ከኋላ ይጫነዋል። አንቀልባም ቢሆን ለእግር መንገድ እንጂ ለግጭት የተሠራ አይደለም።

ከኋላ የሚቀመጥም ሰው ነጻ አይደለም። ያልታሰረ ተሳፋሪ በግጭት ጊዜ ፊቱ ባለው ሰው ጀርባ ላይ ይወረወራል። ከኋላ ወንበር ላይ የተደረደረ ካርቶን፣ ያልታሰረ ጀሪካንም እንደዚሁ። ስለዚህ የራስን ቀበቶ ማሰር ለሌላው ሰው ደግ መዋል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቀበቶ ማሰር በመኪና ውስጥ ያለ ሰው የሚሞትበትን ዕድል እስከ 50 በመቶ ይቀንሳል፤ የሕፃናት ወንበር ደግሞ የልጆችን ሞት እስከ 60 በመቶ። በንግድ ኪሳራን በግማሽ የሚቀንስ ነገር ቢገኝ ማን እምቢ ይላል?

አሁን ወደ ኤርባግ እንምጣ። "መኪናው ኤርባግ አለው" እየተባለ ቀበቶ የሚተውበት ወሬ በጣም ያሳስበናል። መሪው ላይ ኤስ አር ኤስ የሚሉት ፊደላት ትርጉም "ተጨማሪ የመያዣ ሥርዓት" ነው። የምን ተጨማሪ? የቀበቶ። ግጭት ሲደርስ ኤርባጉ ተነፍቶ የሚጨርሰው ከሰከንድ አንድ ሃያኛ ባነሰ ጊዜ ነው። የታሰረ ሰው ተነፍቶ በጨረሰው ኤርባግ ላይ ያርፋል። ያልታሰረው ግን ወደፊት ተወርውሮ ገና እየተነፋ ሳለ ይገጥመዋል፤ ያኔ ትራስ ሳይሆን ቡጢ ይሆንበታል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2008 በዝቅተኛ ፍጥነት በደረሱ ግጭቶች የፊት ኤርባግ ከ290 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከሟቾቹ ከ80 በመቶ በላይ ያልታሰሩ ወይም በትክክል ያልታሰሩ ነበሩ። አብዛኞቹ ተሳፋሪዎች ሲሆኑ፣ ከእነዚያ ተሳፋሪዎች ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ ሕፃናትና ልጆች ናቸው። ከመኪኖቹ 90 በመቶ የሚጠጉት ከ1998 በፊት የተሠሩ ነበሩ። ከ1998 በፊት የተሠራ መኪና ደግሞ በእኛ መንገድ ላይ ዛሬም ቤተሰብ ያስተዳድራል።

ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው። ፊቱ ወደ ኋላ የዞረ የሕፃን ወንበር የሚሠራ ኤርባግ ያለው ጋቢና ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም። ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ትክክለኛ ቦታው የኋላ ወንበር ነው። ሾፌሩም ከደረቱ እስከ መሪው መሐል ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ይተው። ጋቢና የሚቀመጥ ሰው እግሩን ክሩስኮት ላይ አይስቀል። ክሩስኮቱ ላይ የሚነጠፍ ምንጣፍና የሚለጠፍ ጌጥ ኤርባጉ ሲፈነዳ ፊት ላይ የሚወረወር ዕቃ ነው፤ ቅዱስ ሥዕልም ሆነ ቁርኣን ሌላ የክብር ቦታ ይፈለግለት።

ያገለገለ መኪና ለሚገዛና ለሚሸጥ ወገናችንም የምንለው አለ። ሞተሩን እናዳምጣለን፣ ጎማውን እናያለን፣ ሊብሬውን እናገላብጣለን። የኤርባግ መብራትም ይታይ። ቁልፉ ሲዞር በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ ሥርዓቱ ብልሽት አለበት፤ ጭራሽ ካልበራ ደግሞ አምፖሉ ሆን ተብሎ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ቀጥሎ የታካታ ጉዳይ አለ። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በሠራቸው ብዙ ኤርባጎች ውስጥ ያለው ኬሚካል በሙቀትና በእርጥበት ለዓመታት ሲቆይ ይበላሻል፤ ኤርባጉ ሲፈነዳም የብረት ስብርባሪ ወደ ሰው ፊትና አንገት ይረጫል። ቶዮታ፣ ሆንዳ፣ ኒሳንና ማዝዳን ጨምሮ ብዙ አምራቾች መኪኖቻቸውን ለጥገና ጠርተዋል፤ በአሜሪካ ብቻ የተጠሩት ኤርባጎች 67 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ታካታም በ2017 ከስሯል። ይህ ጥሪ ግን ከጃፓን ወይም ከዱባይ ወጥቶ ሦስት አራት እጅ የተለዋወጠ መኪና ባለቤት ጆሮ የሚደርስበት ዕድል ጠባብ ነው። የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ የአምራቹን ወኪል መጠየቅ ወይም በአምራቹ ድረ ገጽ መፈለግ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ያሉት መኪኖች ለብዙ ዓመታት እዚሁ ማገልገላቸው አይቀርምና፣ ነገሩ ችላ የሚባል አይደለም።

የሚነሱትን መከራከሪያዎች እናውቃቸዋለን። "ቀበቶ ካሰርኩ መኪናው ሲቃጠል አልወጣም" ይባላል። እሳት የሚነሳባቸው ግጭቶች ጥቂቶች ናቸው፤ በእነሱም ቢሆን የሚወጣው ራሱን ያልሳተ ሰው ነው። ራስን ከመሳት የሚያተርፈው ደግሞ ቀበቶው ነው። "የተጻፈ አይቀርም" ለሚለውም መልስ አለን። በቦረናና በማርሳቢት በረሃ ግመል የሚያረባ ሰው በፈጣሪ ይታመናል፤ ማታ ግን ግመሉን ሳያስር አይተኛም። "ሚኒባሱ ቀበቶ የለውም" የሚለው እውነት ነው፤ የዕቃ ቫን ሆነው መጥተው ወንበር የተበየደላቸው አሉና። እነሱን የሚያስተካክላቸው ግን ገንዘብ ከፋዩ ነው። ኬንያ በትራንስፖርት ሚኒስትሩ በጆን ሚቹኪ ጊዜ፣ በ2003 ባወጣችውና በ2004 ሥራ ላይ ባዋለችው ደንብ፣ ማታቱዎች ለተሳፋሪው ሁሉ ቀበቶ እንዲያስገጥሙና ፍጥነታቸውም በ80 ኪሎ ሜትር እንዲገደብ አስገድዳለች። በኢትዮጵያም ቀበቶ አለማሰር ያስቀጣል። ሆኖም ኬላ ሲታይ ቀበቶ ጎትቶ ደረት ላይ አሳርፎ፣ ኬላው ሲታለፍ የሚለቅ ሰው በሁለቱም ወገን አለ። ሞያሌ ላይ መኪናው ከቀኝ ወደ ግራ መስመር ይዞራል እንጂ የሰው አጥንት አይለወጥም።

ከሁሉ የሚከብደው መከራከሪያ የገንዘብ ነው፤ እሱን አናቃልለውም። ልጅ ጭን ላይ ሲሆን በነጻ ይሄዳል። ወንበር ከያዘ ግን የአንድ ሰው ሒሳብ ይጠየቃል። ለብቻዋ የምትነግድ እናት ትርፏ በእሱ ሊያልቅ ይችላል። ለዚህ ነው ነገሩ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም የምንለው። አንደኛ፣ በቡድን የምንጓዝ ነጋዴዎች መኪና ስንኮናተር የልጅ ወንበር በግማሽ ሒሳብ እንዲሆን ከመነሻው እንደራደር፤ የጭነት ዋጋ ላይ የምንከራከረውን ያህል እዚህም ላይ እንከራከር። ሁለተኛ፣ ወንበሩን የዕድር እናድርገው።

ዕድር ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ድስትና ሰሃን አለው። ሰው ሲሞት የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቶ ተቀምጧል። ለለቅሶ የሚደረደር ወንበር ከተገዛ ለቅሶ የሚያስቀር ወንበር ለምን አይገዛም? ጥቂት ወንበሮች በአዲስ አበባ፣ በሞያሌና በናይሮቢ ቢቀመጡ፣ ልጅ ይዞ የሚጓዝ አባል በመዝገብ ፈርሞ ይወስዳል፣ ሲደርስ እዚያው ላለው ተረካቢ ያስረክባል። ድስት የሚያውሰው ዕቃ ቤት ኃላፊ ይህንንም ይችላል። ለብዙ አባላት ሲካፈል የማንንም ኪስ አይጎዳም።

ስንገዛ ግን እንጠንቀቅ። ወንበሩ ላይ አር 44 ወይም አር 129 የሚል ብርቱካናማ መለያ ይፈለግ። የተሠራበት ቀን ከስሩ ታትሟል፤ ዘመኑ ያለፈበት፣ ፕላስቲኩ የተሰነጠቀ፣ ማሰሪያው የተተለተለ አይገዛም። በሚቱምባ ገበያ ርካሽ ቢሆንም ግጭት ያየ ይሁን ያላየ የማይታወቅ ወንበር ይቅርብን። ሕፃን እስከ ሁለት ዓመት፣ ወንበሩ ከፈቀደም ከዚያ በላይ፣ ፊቱ ወደ ኋላ ዞሮ ይቀመጥ፤ አንገቱ ገና አልጠናምና። ከዚያ ፊቱን ወደፊት አድርጎ በወንበሩ የራሱ ማሰሪያ ይታሰራል። ተለቅ ሲል ቁመቱ 145 ሳንቲ ሜትር ገደማ እስኪሆን ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ ላይ ሆኖ የመኪናውን ቀበቶ ይታጠቃል። ቀበቶው በትከሻው መሐል እንጂ በአንገቱ ወይም በብብቱ ስር አይለፍ፤ የታችኛውም በዳሌው አጥንት ላይ እንጂ በሆዱ ላይ አይረፍ። ነፍሰ ጡርም ታስራለች፤ የታችኛውን ከሆዷ በታች አድርጋ። ሌሊት ሲበርድ ጋቢው ከቀበቶው በላይ ይልበስ እንጂ ከስሩ አይግባ፤ ከስር ከገባ ማሰሪያው ይላላል።

ዕድሩ ወንበር እስኪገዛ ድረስ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንጠብቅ። መነኸሪያ ላይ ሒሳብ ከመክፈላችን በፊት "ቀበቶ አለው? ይሠራል?" ብለን እንጠይቅ። ያለው መኪና ይሞላ፣ የሌለው ይጠብቅ። ወንበር ያልተገኘለት ከፍ ያለ ልጅ ከኋላ ለብቻው ቀበቶ ይታሰርለት። ጨቅላ ሕፃን ያላት እናት ጉዞውን ማቆየት ከቻለች ታቆየው፤ ካልቻለችም ቦታዋ ከኋላ ይሁን። ጋቢናውን ለእናት መልቀቅ በአገራችን የክብር ልማድ ነው፤ ክብሩ ይቀጥል፣ ቦታው ግን ከኋላ ይሁንላት። በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ላይም ከድንኳኑ ጥገና ቀጥሎ የልጆቹ ወንበር ይነሳ። ዕቃ ቢጠፋ በሌላ ጉዞ ይተካል።