ስለ ከረሜላ ቀለም

የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ ይህች ከተማ የባሕር ማዶ ሸቀጥ መግቢያ በር ሆና ኖራለች፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ነጻ የንግድ ቀጠና ተመርቆላታል። በበሩ የሚገባው ዕቃ ብዙ ነው። እኛ ዛሬ የምንናገረው ግን ከሁሉ ስለሚያንሰው፥ በመልካ ጀብዱ ሱቆች መስኮት በብርጭቆ ዕቃ ተቀምጦ ሕፃናትን ስለሚጠራው ባለ ቀለም ከረሜላ ነው። ይህን ለሹማምንትና ለካህናት ማቅረባችን የሚያስቀው ሰው ቢኖር ጥቂት ይታገሠን።

ከረሜላን የሚያጣፍጠው ስኳሩ ነው፤ ቀለሙ ጣዕም አይጨምርም፥ ሥጋንም አይመግብም፤ ሥራው ዓይንን መሳብ ብቻ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1856 ፐርኪን የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት ከድንጋይ ከሰል ዝፍት ሐምራዊ ቀለም ካወጣ ወዲህ፥ ለልብስ የተጀመረው የፋብሪካ ቀለም ወደ ምግብ ገባ።

በዚያው አቈጣጠር በ2007 የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከስድስት ቀለሞች የተቀመመ መጠጥ፥ ሶዲየም ቤንዞኤት የተባለውን ማቈያ ጨምረው፥ ለ3 ዓመትና ለ8 እስከ 9 ዓመት ልጆች ቢሰጡ ቅብጥብጥነታቸው በጠቅላላው ጥቂት ጨምሮ ተገኘ። ነገሩ ከልጅ ወደ ልጅ ይለያያል፤ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣንም በ2008 ማስረጃው የተፈቀደውን መጠን ለማስለወጥ አይበቃም ብሏል። ይህን መደበቅ አይገባንም። ሆኖም የአውሮፓ ሕግ ከ2010 ጀምሮ ቀለሞቹ የልጆችን ጠባይና ልብ የማድረግ ኃይል ሊጐዱ እንደሚችሉ በማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ አዘዘ፤ ብዙ ፋብሪካዎችም ማስጠንቀቂያውን ከመጻፍ ቀለሙን መለወጥን መረጡ። አሜሪካም ቀይ ቍጥር 3 የተባለውን፥ በወንድ አይጦች ላይ ካንሰር ማምጣቱ ስለ ታወቀ፥ በ1990 ከመዋቢያ ቅባት ከለከለች፤ ከምግብ እንዲወጣ ያዘዘችው ግን በ2025 ነው። ለፊት ቅባት የተጠነቀቀ ሕግ ለሕፃን አፍ 35 ዓመት መዘግየቱ ይገርማል።

ጥቅም ላለው ነገር ጥቂት ጥርጣሬ ይታለፍ ይሆናል፤ ለዓይን ብቻ ለተቀባ ነገር ግን ለምን ይታለፋል? ቢጫ ቢፈለግ አልጫ የምናቀልምበት እርድ አለ፤ ቀይ ቢፈለግ ቀይ ሥር አለ። (ኢ 120 የተባለው ቀይ ከተፈጥሮ የተገኘ ቢባልም ከትል መሰል ተባይ የሚወጣ ነውና፥ የጾሙን ነገር አባቶች ይመርምሩት።)

እኛ ዘንድ ያለው ችግር ሌላ ነው። ከረሜላው አንድ አንድ እየተባለ ስለሚሸጥ ጽሑፉ በካርቶኑ ላይ ይቀራል፤ እናት የምታነበው የላትም። ስለዚህ ምርመራው በችርቻሮው ሱቅ ሳይሆን በጉምሩክና በጅምላ መጋዘን ሊሆን ይገባል። አዋጅ ቍጥር 1112/2011 የምግብን ደኅንነት የመቈጣጠር ሥልጣን ሰጥቷል። ቸርቻሪውም የካርቶኑን ጽሑፍ በአማርኛ፥ በኦሮምኛና በሶማልኛ አስተርጕሞ በመስኮቱ እንዲለጥፍ ቢታዘዝ ወጪው የአንድ ወረቀት ነው። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ካህናት ከቅዳሴ በኋላ፥ የመስጊድ መምህራንም በጁምዓ ቢነግሩልን እናመሰግናለን።

ለመርማሪዎች እንዲመች የስድስቱ ቀለሞች ቍጥር ይህ ነው፤ ኢ 102፥ ኢ 104፥ ኢ 110፥ ኢ 122፥ ኢ 124፥ ኢ 129።