ሰባት ሰዓት እና ስምንት ደቂቃ

ስለ ሱናሚ ልጽፍላችሁ ነው፤ ያውም ከቦንጋ። አዎ፣ ሀገራችን የባሕር በር ካጣች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል። ካፋ ውስጥ ትልቅ ውሃ ከተባለ ጎጀብ ነው፣ ጎጀብ ደግሞ ሱናሚ አያስነሳም። ግን ታገሱኝ።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2004 ሱማትራ አጠገብ የባሕሩ ወለል ተናወጠ። የተነሳው ማዕበል በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻዎች ወደ 230,000 የሚጠጋ ሰው ጨረሰ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሁለት ቦታዎችን ብቻ ላንሳ። አንዷ ሲሜሉ የምትባል የኢንዶኔዥያ ደሴት ናት። የመናወጡ እምብርት አፍንጫዋ ሥር ነበር፤ ማዕበሉ በ8 ደቂቃ ገደማ ደረሰባት። ከ78,000 ገደማ ነዋሪዎቿ የሞቱት ግን 7 ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1907 ተመሳሳይ ማዕበል ደሴቷን ፈጅቷት ስለነበር አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው በተረትና በዜማ አንድ ቃል አወረሱ፦ «ስሞንግ»። መሬት በኃይል ከተናወጠ፣ ባሕሩም ወደ ኋላ ከሸሸ፣ ዕቃ ሳትል ወደ ኮረብታ ሩጥ ማለት ነው። ሮጡ፤ ተረፉ።

ሁለተኛዋ ጎረቤታችን ናት፤ ሶማሊያ። ማዕበሉ የሶማሊያን ዳርቻ፣ በተለይ ሐፉንን፣ የመታው ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር አቋርጦ ከ7 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። በሰባት ሰዓት እኮ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጅማ ይገባል! ሶማሊያ ውስጥ ወደ 300 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ማንም አስቀድሞ አልነገራቸውም።

እንግዲህ ካርታ ዘርግቶ በርቀት ብቻ ለሚለካ ባለሙያ ሲሜሉ ያለቀላት፣ ሐፉን ደግሞ የተረፈች ነበረች። ተጋላጭነት የሚባለው ነገር የሚገኘው ካርታው ላይ ሳይሆን ሰዉ ምን ያውቃል፣ ማን ይነግረዋል፣ ወዴትስ ይሸሻል የሚለው ላይ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ናዳ ወረደና ሰው ቀበረ። ጎረቤት «ድረሱ!» ሲባል ደረሰ፤ በአካፋና በባዶ እጅ ይቆፍር ጀመር። ሁለተኛው ናዳ የመጣው ይኼኔ ነው። ከ230 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ሊያድኑ የሄዱ ናቸው። መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ይገኙበታል። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። «የተፈጥሮ አደጋ» ተባለ፤ ነገሩ እዚያው ላይ ተዘጋ። (ጋዜጠኝነት ስንማር ዜና በሟች ቁጥር ይጀመራል ተብለናል። አንዳንዴ እዚያው ላይ ያልቅም እንደሆነ አልነገሩንም።)

ዝናቡ ተፈጥሮ ነው፤ እሺ። አንዴ የተንሸራተተ ዳገት እንደገና ሊንሸራተት እንደሚችል ለዚያ ሁሉ ደግ ሰው አለመነገሩስ ተፈጥሮ ነው?

ወረቀት አጥተን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ብሔራዊ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ዕርዳታ ከማከፋፈል ወደ ቅድመ መከላከል እንሻገራለን ይላል። አቅም ጨርሶ አጥተንም አይደለም። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ሲናወጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከአካባቢው እንዲወጡ ተደርጓል። ጥሩ ሥራ ነው። ግን ያ መናወጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ ፎቅ ላይ የምትኖሩት ሌሊት በፒጃማ ወርዳችኋል። ካፋ ውስጥ ዳገት ሲሰነጠቅ አዲስ አበባ ላይ ብርጭቆ አይንቀሳቀስም።

ካፋም ዳገት ነው፤ ዝናቡም ለጋስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ የመዘገበው ጫካችን ለቱሪስት ብሮሸር ብቻ የተፈጠረ የሚመስለው አለ። የዛፉ ሥር አፈሩን ጨብጦ የያዘ እጅ ነው። ቦንጋ ደግሞ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የክልል መቀመጫ ናት፤ ቢሮም ቤትም ይፈለጋል፣ ኮረብታ ላይ ያለች ከተማ ደግሞ የምትሰፋው ኮረብታ እየቆረጠች ነው።

«ሕዝቡ ራሱ ተነሣ ሲባል አይነሣም» የሚሉ አሉ። ይህቺ አባባል በጣም ታናድደኛለች። መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ገበሬው ዳገቱን ትቶ ሲወርድ ይዞት የሚወርደው ገንዘብ የለም። እንሰት ለቆጮ እስኪደርስ አራት፣ አምስት ዓመት ከዚያም በላይ ይፈጃል። ቡና ፍሬ ለመስጠት ሦስት፣ አራት ዓመት ይፈልጋል። እናም «ተነሣ» ማለት ለዚህ ሰው «አራት ዓመት ጦም እደር» ማለት ነው። ናዳው ሊመጣም ላይመጣም ይችላል፤ ረሃቡ ግን በእርግጠኝነት ይመጣል። እናንተስ ብትሆኑ የትኛውን ትመርጣላችሁ? ይህን ሒሳብ ያልሠራ የተጋላጭነት ጥናት ለእኔ የአበል መቀበያ ነው።

ቅጹ «ቁልቁለቱ ስንት ዲግሪ ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ያስፈልጋል። ግን ደግሞ ይጠይቅ፦ ሌሊት ከዘነበ ማን ነው የሚቀሰቅሳችሁ? አሮጊቷን ማን ይሸከማል? የየትኛው ዘመድ ቤት ከዳገቱ ራቅ ይላል? ለሚነሣው ሰው እንሰቱ እስኪደርስ ቀለቡን ማን ይችላል? አያቶቻችሁ የትኛውን ቦታ «እዚያ ቤት አይሠራም» ይሉ ነበር?

ምልክቶቹን መናገርም ውድ አይደለም። መሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ዛፍ ወይም አጥር ካዘነበለ፣ የምንጭ ውሃ ድንገት ከደፈረሰ ወይም ከጠፋ፣ የቤት በር አልዘጋ ካለ፣ ከዚያ ዳገት ይወረዳል። ናዳ ወርዶ ከሆነም አንድ ሰው ቆሞ ዳገቱን ሳይጠብቅ ሌላው አይቆፍርም። ይህን በካፊኖኖ በሬዲዮ ለመናገር ስንት ብር ይፈጃል? ዕድር አለ፣ ትምህርት ቤት አለ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አለ።

ዞኑ የሚያሰጉትን ቀበሌዎች ዝርዝር ክረምቱ ሳይጠና በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጥፍልን፤ በሰው ቋንቋ፣ በትልልቅ ፊደል። ቀበሌው በዝርዝሩ ያለ ገበሬም ልጁን ጠርቶ ያስነብብ።