ዝባዱ ጧሂር ነው፤ ማጎሪያውስ?



ባለፈው ጁሙዐ መቱ ላይ ከሶላት ስንወጣ አንድ የያዮ ልጅ ያዘኝ። ከጓደኞቹ ጋር ተደራጅተው ሥራ ሊጀምሩ ነው። ሥራው ጥርኝ እያረቡ ዝባድ መሸጥ ነው። "ዝባድ ሐላል ነው አይደል?" አለኝ። እኔ ዓሊም አይደለሁም፤ ስለዚህ የሚያውቁትን ጠየቅኩለት። የሻፊዒይ መዝሀብ ዑለሞች በጉዳዩ ላይ ድሮ ተነጋግረውበታል፤ ዝባድ ጧሂር ነው፣ ከእንስሳው ላይ የተነቀለ ፀጉር እንዳይቀላቀልበት ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል ብለዋል። መልሱን ይዤ ስመለስ ግን ልጁ ያልጠየቀኝ ጥያቄ ከጠየቀኝ በለጠብኝ።

ዝባድ ለኢሉባቦር፣ ለጅማና ለሊሙ ሙስሊም የአያት ሥራ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእናርያ ዝባድ በከብት ቀንድ ተሞልቶ በጀበርቲ ነጋዴዎች እጅ እስከ ምጽዋ ይወርድ ነበር። ኋላም የፈረንሳይ ሽቶ ሠሪዎች የሽቶን መዓዛ ስለሚያቆይላቸው ገዙት። ስንት ቤት በዚህ ገንዘብ ልጅ እንዳስተማረ አላህ ያውቃል። ስለዚህ በአባቶቻችን ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም የምጽፈው።

ግን አሠራሩን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችሁ አላያችሁም፤ ምክንያቱም አያሳዩም። ባዕድ ዓይን ካየው ጥርኙ ይታመማል፣ ዝባዱም ይቀንሳል ይባላል። ጥርኙ ከእንጨት በተሠራ ጠባብ ማጎሪያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ብዙውን ጊዜ መዞር እንኳ አይችልም። ሙቀት ዝባድ ያበዛል ስለሚባል ጨለማ ጎጆ ውስጥ እሳት እየነደደ በጭስ ይኖራል። ከ9 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ አንዴ በጅራቱ ተስቦ፣ እግሮቹ ተይዘው፣ ከጅራቱ በታች ያለው ዕጢ ተጨምቆ በማንኪያ ይጠረጋል። ይህ ዓመታት ይቀጥላል።

ልጁ "ማርባት" ብሎኝ ነበር። ቃሉ ልክ አይደለም። በግ ይረባል፣ ዶሮ ይረባል። የእኛ ጥርኝ ግን ማጎሪያ ውስጥ አይወልድም፤ የሚያዘውም ወንዱ ነው። እያንዳንዱ ጥርኝ ከጫካ በወጥመድ የመጣ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ በተያዙ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሞታሉ፤ አንዱ ሲሞት ወጥመዱ እንደገና ይዘረጋል። ያዮ ላይ ያለው ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ የመዘገበው የዱር ቡና ጫካ ነው። ጥርኝ ደግሞ እዚያ ፍራፍሬ በልቶ ዘር የሚበትን እንስሳ ነው።

ድመት አስራ ሳታበላትም፣ ወጥታ እንድትበላም ሳትለቃት ስለቀረችው ሴት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተናገሩትን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። "እኛ ግን ገንፎም ሥጋም ቅቤም እናበላዋለን" የሚል አለ። እውነት ነው፤ አንዳንዱ ባለቤት ከራሱ ቀንሶ ያበላል። እንስሳ ማኖር በራሱም ሐራም አይደለም። የትንሹ አቡ ዑመይር ወፍ ሐዲስ ለዚህ ማስረጃ ይቀርባል። እኔን የያዘኝ ግን የአንሷሪው ግመል ነው። ግመሉ የሰውየው ንብረት ነበር፣ ሥራውም ሐላል ነበር። ሆኖም ግመሉ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲያይ አለቀሰ፤ እሳቸውም ባለቤቱን አስጠርተው ስለማስራቡና ስለማድከሙ ወቀሱት። የኔ ነው፣ የማገኘውም ሪዝቅ ሐላል ነው ማለት ሰውየውን ከወቀሳው አላዳነውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጎረቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ደቡብ ቻይና ጓንግዶንግ ውስጥ ሳርስ የሚባል በሽታ ተነሣ። ከ8,000 በላይ ሰው ያዘ፣ 774 ገደለ። ቫይረሱ የዱር እንስሳት በማጎሪያ ተደራርበው በሚሸጡበት ገበያ ውስጥ የጥርኝ ቤተሰብ በሆነ እንስሳ ላይ ተገኘ። በጥር 2004 ወደ 10,000 የሚጠጉት እንዲገደሉ ታዘዘ። በኋላ ሲጣራ የቫይረሱ ዋና መኖሪያ የሌሊት ወፍ ሆኖ ተገኘ። እንስሳው ጫካው ውስጥ ቢተው ኖሮ ማንንም አይነካም ነበር። አጉሮ፣ አጨናንቆ፣ ከሌላ እንስሳና ከሰው ጋር ያገናኘው ሰው ነው።

ሀብታሞቹም አልተረፉም። ዴንማርክ ለካፖርት ፀጉሩ ሲባል ሚንክ የሚባል እንስሳ በሚሊዮን ታረባ ነበር። ኮቪድ ከሰው ወደ ሚንኩ ገባ፣ ማጎሪያ ለማጎሪያ ተዛመተ፣ ተለውጦም ወደ ሰው ተመለሰ። በኅዳር 2020 መንግሥት ወደ 17 ሚሊዮን የሚሆኑት በሙሉ እንዲገደሉ አዘዘ፤ የአገሪቱን ሕዝብ 3 እጥፍ ያህል ማለት ነው። የእንስሳት ሐኪም፣ ላቦራቶሪና ካሣ ያላት አገር ናት ይህን ያየችው። ሱብሃነላህ።

የያዮ ሽማግሌ 4 ጥርኝ ይዞ እንደ ዴንማርክ እርሻ ነው ማለቴ አይደለም። የእኛ ጥርኝ ሳርስን አመጣ ያለም የለም፣ የጓንግዶንጉም ዝርያው ሌላ ነው። ነገር ግን ከጫካ በወጥመድ ተይዞ፣ በጭስና በጭንቀት የደከመ፣ ዶሮና ውሻ በሚመላለሱበት ግቢ የሚኖር፣ በባዶ እጅ የሚጨመቅ እንስሳ ለበሽታ መሻገሪያ ምቹ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ብቻውን ይበቃል፤ አንድ ንክሻ ነው። በ2018 ዓ.ም. ኅዳር ማርበርግ ጂንካ ላይ ሲገኝም ከሩቅ የሰማነው ወሬ አልነበረም፣ የገዛ አገራችን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የታመመ ግመል ከጤነኛ ጋር እንዳይቀላቀል ያዘዙት ሌላው እንዳይጎዳ ነው። መቱና ያዮ ላይ ትኩሳት ሲይዘን ደግሞ ሁላችንም መጀመሪያ የምንለው "ወባ ነው" ነው። ጥርኝ ያለው ሰው ይህን ለጤና ባለሙያው ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

ገበያውም እንደ ድሮው አይደለም። የዝባድ ሽታ ዋና ንጥረ ነገር በላቦራቶሪ ይሠራል፤ ሻኔል የተፈጥሮውን ዝባድ ከ1998 ጀምሮ በሰው ሠራሽ እንደተካ አስታውቋል። ወጣቶቹ የሚበደሩት ብር ደንበኛው ወደ ሸሸበት ሥራ ሊገባ ነው።

ስለዚህ ለልጁ እንዲህ አልኩት፦ አዲስ ማጎሪያ አትሥሩ። ጥርኝ የዱር እንስሳ ነው፣ በዱር እንስሳት ሕግ ሥርም ነው፤ ወጥመድ ዘርግቶ መያዝ ለጓደኛሞች ስለተስማማችሁ ብቻ የሚፈቀድ ነገር አይደለም። ጉልበታችሁን ቡናውና ማሩ ላይ አውሉት። ይህን ስለው ሳቀ፤ "ሁሉም ሰው ቡናና ማር ይለናል" አለ። አልተሳሳተም፣ ቡና ዋጋው ሲወድቅ ማን እንደሚጎዳ እሱ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል።

ከዚያ ዝም ብሎ ቆየና እውነቱን ነገረኝ። አባቱ ቤት 3 ጥርኞች አሉ። ቤቱ የሚኖረው በእነሱ ነው፤ ሥራውን ሊያሰፋ የፈለገውም ለዚህ ነው። "አባቴን ነገ ክፈትና ልቀቅ ልበለው?" አለኝ።

አላልኩትም። ለአንድ ሽማግሌ የቤቱን ዳቦ ጣል ብሎ መሄድ ቀላል ምክር ነው፣ ለሚመክረው። ያልኩት የሞተውን አትተኩ ነው። ወጥመዱ ይቁም። ያሉት ደግሞ እንዲዞሩና እንዲተኙ ማጎሪያው ይስፋ፤ ጭሱ ይቅር፤ ዶሮዎቹ ከዚያ ይራቁ፤ ውሻው ይከተብ፤ የሚጨምቀው ሰው ጓንት ያድርግ፣ ካልሆነም በሳሙና ይታጠብ፤ የነከሰው ካለ ቁስሉን ብዙ ጊዜ በውኃና በሳሙና አጥቦ ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ። እነዚህ 3ቱ ዕድሜያቸው ሲያልቅ በዚያ ቤት ሥራው ያበቃል፤ እስከዚያ ልጆቹ ሌላ መተዳደሪያ ለመያዝ ጊዜ አላቸው።

"አባቴ ባዕድ ዓይን አያስገባም" አለ። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው እሑድ ከእሱ ጋር ያዮ እወርዳለሁ። ጎጆው ካልተከፈተልኝም ከደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ ከአባቱ ጋር እነጋገራለሁ።