ለማየት ብሎ ማሳወር

ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚወርደውን መንገድ በእግሩ ለማቋረጥ የሞከረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ከራስ መኮንን ድልድይ በኩል ዳገቱን እየወጣ የሚመጣ ሞተር ሳይክል አለ፤ ሞተሩ ግን አይታይም። የሚታየው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነበልባል ብቻ ነው። ምን ያህል እንደቀረበ፣ በምን ፍጥነት እንደሚመጣ መገመት አይቻልም። የሰፈር ሰው “ባውዛ ገጥሞበት ነው” ብሎ እጁን ዓይኑ ላይ ይጋርዳል፤ ከዚያ በደመ ነፍስ ይሻገራል።

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሰማው ክርክር ሁለት ወገን አለው። እግረኛውና ባለመኪናው “ሞተረኞች ለሰው አያስቡም” ይላሉ። ሞተረኛው ደግሞ “ፋብሪካው የሰጠኝ መብራት ጉድጓድ አያሳይም፤ ካላየሁ የምሞተው እኔ ነኝ” ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ነገር ግን ሁለቱም የሚጨቃጨቁት ስለ አምፖል ነው። የአሮጌ ሞተር መብራት ችግር ግን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሽቦው ነው።

በከተማው ዕቃ የሚያደርሱት አብዛኞቹ ሞተሮች ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሆኑ፣ ዓመታትን ያስቆጠሩ ናቸው። የፊት መብራታቸው በተለምዶ ባለ 12 ቮልት፣ 35 ዋት አምፖል ነው። ይህ አምፖል ትንሽ ነው፤ ሆኖም አዲስ ሳለ ለከተማ ፍጥነት ይበቃ ነበር። ከ5 ወይም ከ10 ዓመት በኋላ የሚፈዘው አምፖሉ ስላረጀ ብቻ አይደለም። ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ተነስቶ በቁልፉ፣ ከዚያ በመሪው ላይ ባለው ማብሪያ፣ ከዚያ በቀጭን ሽቦና በዛገ መጋጠሚያ አልፎ አምፖሉ ጋ ሲደርስ መንገድ ላይ ስለሚባክን ነው።

ብክነቱ በቁጥር ሲታይ ያስደነግጣል። የሃሎጅን አምፖል ብርሃን ከቮልቱ ጋር እኩል አይቀንስም፤ እጅግ በፈጠነ መጠን ይወርዳል። ቮልቱ 10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይጠፋል። ባትሪው ላይ 13.5 ቮልት እያለ አምፖሉ ጋ 11.5 ብቻ ቢደርስ፣ ሞተረኛው ከመብራቱ 40 በመቶ ያህሉን አጥቶ እየነዳ ነው ማለት ነው። አምፖሉ ምንም አልሆነም። እንዲህ ያለው ሰው ሌላ አምፖል ሲገዛ፣ በቀዳዳ ቱቦ ውኃ አልደርስ ያለው ሰው ትልቅ ባልዲ እንደመግዛት ነው።

ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ማንኛውም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እጅ ላይ የማይጠፋ ቴስተር ነው። ሞተሩ ተነስቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ አንዴ ባትሪው ላይ፣ አንዴ አምፖሉ ሶኬት ላይ መለካት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከግማሽ ቮልት ብዙ ከራቀ አምፖል ከመግዛት በፊት ሽቦው ይታይ። በተለይ ኔጌቲቩ ይታይ። በብዙ ሞተሮች የመብራቱ መመለሻ በሻንሲው በኩል ስለሆነ አንድ የዛገ ብሎን ብቻውን መብራቱን ሊያፈዝ ይችላል። ብሎኑን ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት ምንም አያስወጣም።

ቀጣዩ መፍትሔ ሪሌ ነው። ሪሌ ሲገጠም አሮጌው ማብሪያ የሚሸከመው ሪሌውን የሚያነቃ ጥቂት ኤሌክትሪክ ብቻ ይሆናል፤ ዋናው ኃይል ከባትሪው በወፍራም ሽቦ፣ በፊውዝ አልፎ በቀጥታ ወደ አምፖሉ ይሄዳል። ብዙ ሞተሮች በዚህ ብቻ “አዲስ መብራት” ያገኛሉ። አንድ ነገር ግን መታለፍ የለበትም። ፊውዙ የሚቀመጠው ለባትሪው ቅርብ ሆኖ ነው። ፊውዝ የሌለው ወፍራም ሽቦ በነዳጅ ጋን ሥር የሚያልፍ ክብሪት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው መብራቱ ከባትሪ ለሚነሳ ሞተር ነው። በብዙ አሮጌ ሞተሮች የፊት መብራቱ ከባትሪው ጋር አይገናኝም፤ ኃይሉን የሚያገኘው ሞተሩ ሲዞር ከሚያመነጨው ኮይል በቀጥታ ነው። ነዳጅ ሲሰጠው የሚደምቅ፣ ትራፊክ መብራት ላይ ሲቆም የሚሞት መብራት ያለው ሞተር ይህ ነው። ከኮይሉ የሚወጣው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ ለባትሪ ኤሌክትሪክ የተሠራ ኤልኢዲ ሲገጠምበት ይርገበገባል፣ ብዙም ሳይቆይ ይቃጠላል። ትክክለኛው አካሄድ የኮይሉን አሠራር ለውጦ፣ ለሙሉ ኃይሉ የሚሆን ሬጉሌተር አስገብቶ መብራቱን ወደ ባትሪው ማዞር ነው። ይህ ሙያ ይጠይቃል፤ መንገድ ዳር በ15 ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

ሌላው የሚረሳው ነገር የኃይል ሒሳብ ነው። አነስተኛ አሮጌ ሞተር በሙሉ ዙር ላይ የሚያመነጨው ጠቅላላ ኃይል ብዙ ጊዜ 100 ዋት አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ቆሞ ሲንተከተክ ደግሞ የዚህ ትንሽ ክፍል ብቻ ነው። ከዚህ ላይ 35 ዋት የፊት መብራት፣ 21 ዋት ስቶፕ፣ 5 ዋት የኋላ መብራት፣ ሁለት ባለ 10 ዋት ፍሬቻ ሲቀነስ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ብልጭታም ድርሻ አለው። በዚህ ላይ የመኪና 60 ዋት አምፖል የሚገጥም ሰው ባትሪውን በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ይጨርሳል፣ ለ35 ዋት የተሠራውን ሽቦና ፕላስቲክ ያቀልጣል። የስልክ ቻርጀርና ጂፒኤስ ሲጨመርበትማ የባሰ ነው።

ኤልኢዲ የተወደደው እዚህ ላይ ነው፤ በትንሽ ዋት ብዙ ብርሃን ይሰጣል። ሒሳቡ ልክ ነው። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። የአሮጌው መብራት መስተዋት የተሠራው ብርሃኑ ከአንዲት ቀጭን ክር፣ ከአንድ የተወሰነ ነጥብ እንደሚወጣ ታስቦ ነው። አጭር መብራት መንገዱን አብርቶ የሰው ዓይን ሳይደርስ የሚቆረጠው በዚህ ምክንያት ነው። በዙሪያው ትንንሽ ኤልኢዲዎች የተለጠፉበት ርካሽ አምፖል እዚያ ውስጥ ሲገባ ብርሃኑ ከተሳሳተ ነጥብ ይነሳና ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይረጫል። ሞተረኛው ከፊት ጎማው ሥር ነጭ ምንጣፍ የተዘረጋ ይመስለዋል፤ ርቆ የሚያየው ግን ከቀድሞው ላይሻል ይችላል። የተረጨው ብርሃን የሚያርፈው በሌላው ሰው ዓይን ላይ ነው።

ጀርመን ይህን ጉዳይ እንዴት እንደያዘችው ማየት ይጠቅማል። በሃሎጅን መብራት ቤት ውስጥ ኤልኢዲ መግጠም ክልክል ሆኖ ቆይቶ፣ በፈረንጆቹ 2020 ኦስራም ለተባለው ኩባንያ አምፖል ፈቃድ ሲሰጥ ለሁሉም ተሽከርካሪ አልነበረም። አምፖሉ በመብራት ቤታቸው ውስጥ ተፈትኖ ላለፈባቸው ሞዴሎች ብቻ ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ የሚፈቀደው አምፖል ሳይሆን አምፖሉና መስተዋቱ አብረው የሚሰጡት ብርሃን ነው። አቅም ያለው ሞተረኛም ከዚህ የሚማረው አለ። የራሱ መስተዋት ወይም ሌንስ ያለው ሙሉ የኤልኢዲ መብራት ቤት መግዛት፣ አምፖል ብቻ ከመቀየር በብዙ ይሻላል።

ከሁሉም ርካሹ ሥራ ደግሞ ከሁሉም በላይ የተረሳው ነው፤ የመብራቱን አቅጣጫ ማስተካከል። ሞተሩን ከግድግዳ 10 ሜትር አርቆ ማቆም፣ የመብራቱን መሀል ቁመት በጠመኔ ማስመር፣ የአጭር መብራቱ የላይ ጫፍ ከመስመሩ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ማድረግ ነው። ይህ ሲሠራ ነጂው ኮርቻው ላይ መቀመጥ አለበት። ዕቃ አድራሽ ከሆነ ሳጥኑም በተለመደው ጭነቱ ይሞላ። ከኋላ የተጫነ ሞተር በኋላ ይሰምጣል፣ ፊቱ ይነሳል። ጠዋት ባዶውን ልክ የነበረ መብራት ማታ በምግብና በዕቃ ሲሞላ የሰው ፊት ላይ የሚያርፈው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ማለት የሚያስፈልገው ሕይወት ስላለበት ነው። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብላጫውን የሚይዙት እግረኞች ናቸው። ሌሊት ለኪዳን ወደ ሥላሴ ከሚሄዱት ውስጥ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ዓይን ሲያረጅ ኃይለኛ ብርሃን ውስጡ ይበተናል፣ ከተጭበረበረም በኋላ ቶሎ አይመለስም። ለ25 ዓመት ወጣት ለቅጽበት የሚያስቸግር ብርሃን ለ70 ዓመት እናት መንገዱን በሙሉ ያጠፋባቸዋል።

ታዲያ ማን ምን ያድርግ? ቀላሉ መልስ “ይከልከል” ነው፤ አዲስ አበባም ይህን መልስ ታውቀዋለች። ሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ወንጀልን ምክንያት አድርጎ የሞተር እንቅስቃሴን ሲያግድ፣ ለፖስታ፣ ለኤምባሲዎችና በሕጋዊ መንገድ ለተደራጁ ብቻ ክፍተት ተወ። ዛሬ ከተማው ምሳውን፣ መድኃኒቱንና ሰነዱን የሚያገኘው በሞተር ነው። ሞተሩን መንጠቅ የአንድን ቤተሰብ እንጀራ መንጠቅ ነው፤ መብራቱን ግን አያስተካክልም።

የሚሻለው ነገር ከእጅ የራቀ አይደለም። ለቦሎ በየዓመቱ የሚደረገው የቴክኒክ ምርመራ “መብራቱ ይበራል ወይ?” ከሚለው አልፎ “የት ያበራል?” ብሎ ይጠይቅ፤ ለዚህ ግድግዳና አንድ መስመር ይበቃል። ማታ የሚያስቆመው ትራፊክ ፖሊስም በመጀመሪያ ጊዜ ከመቅጣት ይልቅ አስተካክሎ እንዲመለስ ቀን ቢሰጥ ውጤቱ ይበልጣል። በሞተረኛ ጉልበት የሚነግዱ የዴሊቨሪ ድርጅቶች ደግሞ የሪሌና የሽቦ ወጪውን ይሸፈኑ፤ የድርጅቱን ሳጥን አስጭነው መብራቱን ለልጁ ኪስ መተው ተገቢ አይደለም። እንደ ተግባረ ዕድ ያሉ የቴክኒክ ኮሌጆችም ለመንገድ ዳር ጠጋኞች አጭር ሥልጠና ቢሰጡ፣ የኮይልና የሬጉሌተሩ ሥራ በግምት መሠራቱ ይቀንሳል።

ለሞተረኛው የሚቀረው ትንሽ ነው። በኮሪደር ልማቱ የፒያሳና የአራት ኪሎ ዋና መንገድ በቂ መብራት አግኝቷል፤ እዚያ ረጅም መብራት አያስፈልግም። ረጅሙ የሚያስፈልገው ሥራ ጨርሶ ወደ ከተማው ዳርቻ ሲገባ፣ ጨለማና ጉድጓድ ባለበት ነው፤ እዚያም ሰው ሲመጣ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። አራዳነት ከሌላው በላይ ማብራት አይደለም። የተጭበረበረ እግረኛ መሀል መንገድ ላይ ሲቆም፣ የሚጋጨው በዚያው ባሳወረው ሞተር ሊሆን ይችላል። በዚያች ሰከንድ ሞተረኛው የቱንም ያህል አጥርቶ ቢያይ ሁለቱንም አያድናቸውም።