«ስትወልጂ ይተውሻል»፦ ስለ እንቁላል ዕጢ ኢንዶሜትሪዮሲስ ምርምር አንድ አስተያየት

የወር አበባ ሕመም ከአልጋ የጣላት ልጃገረድ ስቃይዋን ለእናቷ ብትነግር የምታገኘው መልስ በወላይታ ዞን በዳሞት ወይዴ ወረዳ በምትገኘው በዴሳም ሆነ በአዲስ አበባ ብዙ አይለያይም፤ «አይዞሽ፣ ስትወልጂ ይተውሻል» ትባላለች። አባባሉ ከክፋት የመነጨ አይደለም፤ እናት ከእናቷ የሰማችውን ነው የምትደግመው። የሚያስገርመው ይኸው ምክር በአንድ ወቅት የሳይንስ ካባ ደርቦ መነገሩ ነው። ጆ ቪንሰንት ሜግስ የተባሉ የቦስተን የማህፀን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ኢንዶሜትሪዮሲስ ጋብቻና ወሊድ ከመዘግየታቸው የሚመጣ ሕመም ነው በማለት፣ መከላከያው በወጣትነት አግብቶ መውለድ እንደሆነ ጽፈዋል።

ከዚህ አስተሳሰብ ሌላ መዘዝ ተከተለ። በሽታው የደላቸውና የተማሩ ነጭ ሴቶች ሕመም ነው፣ ቶሎ አግብታ ብዙ የምትወልደውን ጥቁር ሴት አይነካም የሚል እምነት በሕክምና ትምህርት ቤቶች ሥር ሰደደ። እ.ኤ.አ. በ1976 ዶናልድ ቻትማን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በላፓሮስኮፒ የመረመሯቸውን ጥቁር ሴቶች ውጤት ሲያሳትሙ ግን ከአምስቱ ቢያንስ በአንዷ በሽታውን አግኝተው ነበር። ከእነዚህም ብዙዎቹ አስቀድሞ «የማህፀን አካባቢ ኢንፌክሽን ነው» ተብለው የነበሩ ናቸው። በሽታው ሳይገኝ የኖረው ስላልነበረ ሳይሆን ስላልተፈለገ ነው። የዚህ ጸሐፊ ስጋት ይኸው ታሪክ በእኛ አገር እንዳይደገም ነው።

ለመሆኑ ኢንዶሜትሪዮሲስ ምንድን ነው? የማህፀንን ውስጠኛ ግድግዳ የሚያለብሰው ሽፋን በየወሩ በሆርሞን ትእዛዝ ይወፍራል፤ ፅንስ ካልተፀነሰም ፈርሶ ከደም ጋር ይወጣል። ይህን ሽፋን የመሰለ ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ ሲበቅል በሽታው ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። ሐኪሞች ኦቫሪ በሚሉት በእንቁላል ዕጢ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ከረጢት ይሠራል። በየወሩ የሚደማው ደም መውጫ ስለሌለው በከረጢቱ ውስጥ እየተጠራቀመ ይጠቁራል፣ ይወፍራል። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ሳምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1921 ይህን ፈሳሽ ከቸኮሌት ጋር ስላመሳሰሉት እስከ ዛሬ «የቸኮሌት ከረጢት» ይባላል። (ቸኮሌት እምብዛም ለማያውቅ የገጠር ተማሪ የቡና አተላ ቢባል ይቀርበው ነበር።) ሳምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1927 ባቀረቡት መላምት መሠረት፣ ከወር አበባ ደም ከፊሉ በማህፀን ቱቦዎች ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል፤ አብረውት የሄዱት ሕዋሳትም በዚያው ይተከላሉ። ይሁንና ደም ወደ ኋላ የሚፈስሰው በአብዛኞቹ ሴቶች ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው የሚታመሙት በመውለጃ ዕድሜ ካሉት 10 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም በዓለም 190 ሚሊዮን ገደማ ሴቶች ናቸው። የተቀሩትን ምን አዳናቸው? የዛሬው ምርምር የሚሽከረከረው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

መልስ ፍለጋው በርካታ አቅጣጫ ይዟል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በቸኮሌት ከረጢት ሕዋሳት ውስጥ በካንሰር የሚታወቁ የዘረመል ለውጦችን ካንሰር በሌለበት አግኝተዋል፤ ተመሳሳይ ለውጦች በማህፀን ሽፋን ውስጥም ታይተዋል። የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ፉዞባክቴሪየም የተባለ ባክቴሪያ ከበሽታው ጋር መያያዙን ዘግበው፣ በአይጦች ላይ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጉዳቱን እንደቀነሰ አሳይተዋል። ከአይጥ እስከ ሰው ያለው መንገድ ረጅም በመሆኑ ግን ማንም አንባቢ ይህን አንብቦ ወደ መድኃኒት ቤት አይሩጥ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከአሜሪካ የዩታ ግዛት የወጣ ጥናትም በሽታው ያለባቸው ሴቶች በእንቁላል ዕጢ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ወደ 4 እጥፍ ከፍ እንደሚል አመልክቷል። ካንሰሩ ራሱ እምብዛም የማያጋጥም ስለሆነ ጭማሪው ከ10,000 ሴቶች 10 ያህል ነውና፣ ለድንጋጤ ምክንያት አይሆንም።

ከሁሉም በላይ የሚነገርለት ግን እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ታላቅ የዘረመል ጥናት ነው። ከ60,000 በላይ ታማሚዎችን ከ700,000 በላይ ጤነኞች ጋር በማነጻጸር ከበሽታው ጋር የተያያዙ 42 የዘረመል ሥፍራዎችን ለይቷል፤ በእንቁላል ዕጢ ላይ የሚወጣው ዓይነት ከሌላው የተለየ የዘረመል መሠረት እንዳለውም ጠቁሟል። ሥራው ድንቅ ነው። ይሁን እንጂ የተጠኑት ሴቶች የአውሮፓና የምሥራቅ እስያ ዝርያ ያላቸው ናቸው። ነገ ከዚህ ግኝት የደም ምርመራ ወይም መድኃኒት ቢወለድ፣ ለዳሞት ሴት ይሥራ አይሥራ የሚናገር መረጃ በእጃችን አይኖርም።

ታዲያ የዘረመል ማንበቢያ መሣሪያ እስኪመጣ እንጠብቅ? በእኔ እምነት መጠበቅ አያስፈልገንም። ለእኛ ትልቁ ዜና ብዙ ያልተወራለት ነው። የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ሆድን ቀድዶ በካሜራ የሚያየው ላፓሮስኮፒ ከእንግዲህ የምርመራው የመጨረሻ ዳኛ አይደለም ብሏል። በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ የተበተነው ስስ ዓይነት ከአልትራሳውንድ ይሰወራል፤ የቸኮሌት ከረጢት ግን አይሰወርም። በአልትራሳውንድ መስኮት ላይ ውስጡ እንደ ደብዛዛ መስተዋት ሆኖ ስለሚታይ የሠለጠነ ዓይን ከሌላው ይለየዋል። ስለሆነም ከበሽታው ዓይነቶች ሁሉ እንደ እኛ ባለ አገር በቀላል ወጪ ሊጠና የሚችለው የእንቁላል ዕጢው ነው፤ ምርምራችንም ከዚያ ይጀምር እላለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24 ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትነሳ መክሯል። ለፅንስ የተገዛው መሣሪያ ያላረገዘችውንም ሕመምተኛ ማየት ይችላል።

«ወባና የወሊድ ሞት ሳያልቁ ይህ የቅንጦት በሽታ ነው» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ በጀት ውስን መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ይህ በሽታ ከሕመሙ በተጨማሪ መውለድን ያውካል፤ ልጅ ያልወለደች ሴት በትዳሯና በጎረቤቶቿ ዘንድ የሚደርስባትን ደግሞ ለአገራችን አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ከዚህም በላይ ዘመኑ ተለውጧል። በማሊ የዶጎን ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ያለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ብዙ የምትወልድና ረጅም ጊዜ የምታጠባ ሴት በዕድሜዋ የምታየው የወር አበባ ወደ 100 ገደማ ሲሆን፣ ጥቂት የምትወልደው ዘመናዊት ግን እስከ 400 ታያለች። በኢትዮጵያ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልዳቸው ልጆች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2005 ከነበረበት 5.4 በ2016 ወደ 4.6 ወርዷል። የአያቶቻችንን ወሊድ ቆጥረን የልጆቻችንን በሽታ መገመት አንችልም።

ሕክምናውን በተመለከተ አብዛኛው ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሕመሙን ከሚያስታግሱት ውስጥ በየጤና ጣቢያው ለቤተሰብ ምጣኔ የሚሰጡት እንክብሎችና መርፌዎች ይገኙበታል። ከቆዳ ሥር የሚወጋው የዲፖ ፕሮቬራ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ለዚሁ ሕመም ተፈቅዷል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መርፌው እስከ ቀበሌ ደርሷል። መድኃኒቱ ደርሶ የበሽታው ስም ግን አልደረሰም። በእርግጥ እነዚህ መድኃኒቶች መውለድ ለምትሻ ሴት አይሆኑም፤ ለሌላዋም ቢሆን ያለ ሐኪም ምክር አይወሰዱም። በሌላ በኩል ያላገባች ተማሪ መርፌ ስትወጋ ብትታይ በሰፈር የሚወራው ወሬ ከሕመሙ ሊብስባት ይችላል። እንግዲህ ይህ የሥነ ሕይወት ብቻ ሳይሆን የማኅበረሰብ ጥናትም ጥያቄ ነው። ቀዶ ሕክምናውን በሚመለከትም፣ ከረጢቱ ሲወጣ ከጤነኛው የእንቁላል ክምችት አብሮ ስለሚቀነስ ሐኪሞች ቢላዋ ለማንሳት ከቀድሞው ይልቅ እየተጠነቀቁ ነው።

በወላይታ ሶዶ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የማስተማሪያ ሆስፒታልም አለው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች አንድ ሐሳብ ልሰንዝር። በበዴሳ፣ በቦዲቲና በአረካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሴት ተማሪዎችን፣ በራሳቸውና በወላጆቻቸው ፈቃድ፣ ስማቸውን ሳትጽፉ ጠይቁ፦ ባለፉት ሦስት ወራት በወር አበባ ሕመም ስንት ቀን ከክፍል ቀረሽ? የሕመም ማስታገሻ ወስደሽ ተሻለሽ? ለማን ነገርሽ፣ ምንስ ተባልሽ? ማስታገሻ ያልረዳቸው ሶዶ ላይ በሆድ በኩል በአልትራሳውንድ ይታዩ። ወጪው የትራንስፖርትና የወረቀት፣ ምናልባትም የአንድ ባለሙያ የጥቂት ሳምንታት ጊዜ ነው። ጥያቄዎቹን በወላይትኛ የምታዘጋጁ ከሆነ ደግሞ ሕመሙን በቋንቋው ምን ብለው እንደሚጠሩት አስቀድማችሁ እናቶችን ጠይቁ።