ወረቀት የሚያወጣ ጸሎት

ይህ ዓምድ ጸሎትን እንደ ማመልከቻ ከሚቆጥሩ ሰዎች ጋር ከተጣላ ቆይቷል። ሰሞኑን ደግሞ ይህን ጸሎት ለ7 ቀን አድርሱ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀታችሁ ይወጣል የሚሉ ቪዲዮዎች እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወሩ ጠቡ ታደሰ። መለመን ነውር ነው እያልኩ አይደለም። ክርስቶስ ራሱ ለምኑ ብሏል፤ የጥገኝነት ቀጠሮውን እየጠበቀ፣ ልጆቹን አገር ቤት ትቶ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ ሰው ስለ ወረቀቱ ቢጸልይ ማን ይከለክለዋል? “ወረቀት የያዘ ሰው እንዲህ ቢል አይገርምም” የሚለኝ አንባቢም እውነት አለው። ዳሩ ግን ልጅ ለምና ያገኘችው ሐና፣ ሳሙኤልን ጡት ካስጣለችው በኋላ ወስዳ ለእግዚአብሔር ቤት ሰጠችው። ጳውሎስ መውጊያው እንዲነሣለት ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተነሣለትም። ጌታም በጌቴሴማኒ ስለ ጽዋው ሦስት ጊዜ ጸለየ፣ ጽዋውም አላለፈም። የጸሎት መለኪያው የተገኘው ነገር ከሆነ የጌቴሴማኒው ጸሎት ሳይሰምር ቀረ ልንል ነው፤ ይህን የሚደፍር ክርስቲያን ያለ አይመስለኝም።

እንግዲያው የጸሎት ዋና ዓላማ የለማኙን ፈቃድ ከፈጣሪው ፈቃድ ጋር ማስማማት ነው። አባታችን ሆይን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ ተመልከቱት። ጌታ ጸሎቱን ከማስተማሩ አስቀድሞ፣ አብ የሚያስፈልገንን ሳንለምነው እንደሚያውቅ ተናገረ። እንጀራ የሚመጣው ከስሙ፣ ከመንግሥቱና ከፈቃዱ በኋላ በአራተኛ ደረጃ ነው። ጸሎቱን ከጨረሰም በኋላ ተመልሶ ያብራራው አንድ ልመና ብቻ ነው፤ እሱም ይቅርታ ነው፣ ያውም ይቅር ካላላችሁ ይቅር አትባሉም ከሚል ማስጠንቀቂያ ጋር።

በዚህ ሚዛን እኛ ቀለን ተገኝተናል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 እዚሁ ዋሽንግተን እርቁ እስኪታወጅ ድረስ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያናችን ለዓመታት በሁለት ሲኖዶስ ተከፍላ ኖራለች። በዚህ አካባቢ አንዱ ደብር በቅዳሴው ፓትርያርክ ብሎ አቡነ መርቆሬዎስን፣ ሌላው አቡነ ጳውሎስን፣ ኋላም አቡነ ማትያስን ይጠራ ነበር፤ ገለልተኛ ነን ያሉም ነበሩ። ጸሎት ጎደለ የሚል የለም። ማኅሌቱ ተቆሟል፣ ሰዓታቱ ደርሷል፣ ሁዳዴው 55 ቀን ተጾሟል፤ የበደሉንን ይቅር እንላለን የሚለው ቃልም በሁሉም ዘንድ ተደግሟል። ነገሩ የቀኖና ነበር የሚሉ አሉ። ይሁን፣ የቀኖናውን ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ። ሰላምታ መነፋፈግንና ለቅሶ መቅረትን ያዘዘው ግን የትኛው ቀኖና ነው? ወንጌላውያን ወገኖቻችንም ይህን እያነበቡ ፈገግ እንዳይሉ፤ እነሱም ዘንድ አንዱ ጉባኤ ሁለት፣ ሁለቱም አራት ሲሆን አይተናል። ሲኖዶሱ ከታረቀ በኋላስ በቦርድ ምርጫና በሕንፃ ባለቤትነት የምንጣላው በማን ስም ነው?

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ያንን ቪዲዮ ለሌላ ሰው ከመላክህ በፊት ለተኳረፍከው ሰው በዚያው ስልክ ደውል። የወረቀቱን ነገር ጠበቃህም ይከታተለዋል።