ሹም ሽርና የፋው የሥራ ገበያ

በምሥራቅ ሱዳን ከመደኒ ወደ ገዳሪፍ በሚያወጣው አውራ ጐዳና ላይ የምትገኘውን ፋውን ከነጋዴዎቻችን ብዙዎቹ ያውቋታል። ከተማይቱ የራሃድ የመስኖ እርሻ ድርጅት መቀመጫ ናት። ይህ እርሻ በ1977 ሥራ ሲጀምር ከጥቁር ዓባይ በፓምፕ በሚሳብ ውሃ 300,000 ፈዳን ያህል መሬት እንዲያለማ ታስቦ ነበር። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን፤ የሱዳን ዐዋጆች የሚጠሩት በዚያው ነውና።) ጥጡን የሚለቅመውና አረሙን የሚነቅለው ሰው አብዛኛው የወቅት ሠራተኛ ነው። ከዚያም ወዲህ በገዳሪፍ ሜዳ ያለው የዝናብ እርሻ የሚታጨደው ከመተማ በኩል በሚሻገሩ የኢትዮጵያ ልጆች ጭምር መሆኑ የታወቀ ነው።

እንግዲህ ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ የአገር መሪ የክፍለ ሀገርን ገዥ ብቻውን ሊሾምና ብቻውን ሊሽር ይገባዋልን? ነገሩ የሕግ ዐዋቂዎች ክርክር ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። እኛ ግን የቀን ሠራተኛው ዋጋና የነጋዴው ሚዛን በዚህ ጥያቄ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው እንላለን።

በ2005 የወጣው የሱዳን ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ገዥው፣ በአገሩ አጠራር ዋሊው፣ በሕዝብ እንዲመረጥ ፈቅዶ ነበር። በዚሁ መሠረት በሚያዝያ 2010 የገዳሪፍ ሕዝብ ከራም አላህ ዓባስን መረጠ። ሰውዬው የገዥው ፓርቲ አባል ነበሩ፤ ነገር ግን በገንዘብ ድልድል ምክንያት ከማእከላዊው መንግሥት ጋር ተጋጭተው በ2012 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በጥር 2015 ደግሞ ምክር ቤቱ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ ገዥዎችን የመሾምና የመሻር ሥልጣን ለፕሬዚዳንት ዑመር አል በሽር አስረከበ። ፕሬዚዳንቱም በዚያው ዓመት ገዥዎቹን ሁሉ ራሳቸው ሾሙ። በየካቲት 2019 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ እነዚያ ገዥዎች በአንድ ሌሊት ተነሥተው በየቦታቸው የጦርና የጸጥታ መኰንኖች ተተኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሿሚውም ወረዱ።

ይህ ሹም ሽር በእርሻው ላይ ምን ያደርጋል? ሰሊጥ እንደ ማሽላ ታጋሽ እህል አይደለም። ፍሬው ሲበስል ቋቱ ይከፈትና መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ ማጨጃው ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ሠራተኛው በጊዜው ካልደረሰ የዓመቱ ድካም ለወፍ ይቀራል። ሠራተኛው እንዲደርስ ደግሞ የጠረፉ በር መከፈት፣ የመግቢያው ወረቀት መሰጠት፣ ናፍጣው ለትራክተሩ መከፋፈል፣ የደላላው ቅሚያም መታገድ አለበት። በሰኔ 2022 የገላባት በር በካርቱም ውሳኔ ተዘግቶ እስከ ሐምሌ ሳይከፈት ቈየ፤ ጊዜው የዘር ወቅት ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ለአገሩ የሚከራከር ገዥ ያስፈልጋል። ነገር ግን በአንድ ደብዳቤ የተቀመጠና በአንድ ደብዳቤ የሚነሣ ሰው ለማን ብሎ ይከራከራል? ሹመቱን የሰጠው ሰው ፊት የተከፋ እንዳይሆን ይጠነቀቃል እንጂ የገበሬውን ማሳ አያይም። አባቶቻችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» ሲሉ የቀለዱት ዘመኑ ያልታወቀ ሹመት ምን ዓይነት ሰው እንደሚያፈራ ዐውቀው ነው።

ጉዳቱ በዋሊው ወንበር ብቻ አይቆምም። ከ1989 ጀምሮ በሱዳን «ተምኪን» በተባለው መርሕ የፓርቲ ሰዎች የመንግሥቱን ሥራ ይዘው፣ ሌሎች ብዙዎች «ለሕዝብ ጥቅም» በሚል ቃል ተሰናብተዋል። ከ2019 በኋላ ይህን ለማፍረስ የቆመው ኮሚቴ በተራው ብዙዎችን አሰናበተ፤ በጥቅምት 2021 ጦሩ መንግሥቱን ሲይዝ ደግሞ ኮሚቴው ታገደ፤ ከተባረሩትም ብዙዎች ተመለሱ። ወጣቱ ከዚህ የሚማረው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሥራ የሚገኘው በችሎታ ሳይሆን ከሿሚው ጋር በመተዋወቅ ነው የሚል ነው። ምሩቅ ሆኖ ሻይ የሚሸጥ ሰው በበዛበት ገበያ ነጋዴውም የሰለጠነ ጸሐፊ ማግኘት አይሆንለትም።

ተቃዋሚዎቻችን የሚሉትን ግን ንቀን አናልፍም። ገዥው በምርጫ ሲመጣ ጐሣ ከጐሣ ይጋጫል፣ ማእከላዊው መንግሥትም ይላላል ይላሉ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ በሐምሌ 2020 ጠቅላይ ሚኒስትር አብደላ ሐምዶክ 18 ሲቪል ገዥዎችን ሲሾሙ ምርጫ አልነበረም፤ ሆኖም ለከሰላ የተሾሙት ሳልሕ ዐማር በተቃውሞ ምክንያት ወንበራቸው ላይ ሳይቀመጡ በጥቅምት ተሻሩ፤ በሁከቱም ደም ፈሰሰ። ሹመት ከላይ መውረዱ ጐሣን ከጐሣ አላስማማም።

በዚህ ጠረፍ የምንኖር እኛም ከዚህ ነገር እንግዶች አይደለንም። በ1952 በጸናው የኤርትራ ሕገ መንግሥት ዋና አስተዳዳሪውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነበር። በ1955 የተመረጡት ደጃዝማች አስፍሐ ወልደ ሚካኤል ግን የንጉሠ ነገሥቱን ምክትል እንደራሴነት ደርበው ይዘው ነበር። አንድ ሰው ከመራጭም ከሿሚም ሲታዘዝ ወደ ማን እንደሚያዘነብል አንባቢ ያውቀዋል፤ ፌዴሬሽኑም 1962ን አላለፈም።

በሚያዝያ 2023 በተነሣው ጦርነት ነገሩ እጅግ ጸንቷል። በታኅሣሥ 2023 መደኒ ስትያዝ ስፍር ቍጥር የሌለው ሕዝብ በፋው መንገድ ወደ ገዳሪፍ ጐረፈ። ደመወዙ ወራት የተቋረጠበት የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከ2020 ጀምሮ በኡም ራኩባ፣ ከ2021 ጀምሮም በቱነይድባ የተጠለለው ስደተኛ፣ የወቅቱ አጫጅም ለአንድ ቀን ሥራ አብረው ተሰለፉ። ጉልበት ሲረክስ ነጋዴው የተጠቀመ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ያው ሠራተኛ ገዢውም ነው። በ1985 በፋው አካባቢ በተተከሉት ካምፖች የትግራይ ረሀብተኞች ሲሰፍሩ ያየች ከተማ ለመጠለያ አዲስ አይደለችም፤ የጐደላት የሚጸና አስተዳደር ነው።

በየካቲት 2025 የተሻሻለው የሕገ መንግሥት ሰነድ የሹመትን ሥልጣን ይበልጡን በሉዓላዊው ምክር ቤት እጅ አደረገ፤ በግንቦትም ጄኔራል አብደል ፈታሕ አል ቡርሃን ካሚል ኢድሪስን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው ሾሙ። ጦር ባለበት አገር ምርጫ ይደረግ ብለን አንሟገትም። የምንጠይቀው ያነሰ ነው። የዋሊው ስም ከመጽደቁ በፊት ለአገሩ ገበሬዎች፣ ነጋዴዎችና ሽማግሌዎች ጉባኤ ይቅረብ፤ የሹመቱ ዘመን ቢያንስ ሦስት የእርሻ ወቅት ይሁን፤ በጥፋት ካልተከሰሰ በቀር ከዘር እስከ አጨዳ ባሉት ወራት አይነሣ። የበታች ጸሐፊዎችም በፈተና ይቀጠሩ፤ ዋሊው ሲሄድም አብረውት አይሂዱ።